ደብተሬን ይዤ ሐዋሳ ልምጣ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ይርጋለም ነው። ዕድሜዬ 28 ሲሆን ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ላለፉት አምስት ዓመታት ማታ ማታ ልጄ ሲተኛ አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ጨርሻለሁ። ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም።

በሚቀጥለው ወር ሐዋሳ ላይ የሦስት ቀን የጸሐፍት ጉባኤ አለ። ጠዋት ጠዋት ዎርክሾፕ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተጋባዥ ደራስያን ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አሥር ገጽ ልኬ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። አፌን የፈታሁት በሲዳሙ አፎ ነው። አማርኛዬ ይሳቅበታል ብዬ እፈራለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ‹ታሪክሽን ይሰርቁሻል› አለችኝ። ባለቤቴ ‹ሦስት ቀን ሙሉ ለወረቀት?› ይላል። እኔ በልቤ የማስበው ሙሉ ደብተሬን ለአንዱ ትልቅ ደራሲ ሰጥቼ እንዲያነብልኝ ነው።

ከአንዱ ታሪኬ ሁለት መስመር ልጻፍልዎ፦ ‹አያቴ ቡርሳሜው ቀርቦ ሳትቀምሰው እጇን ታጠበች። መሄድ የጀመረችው ያን ቀን ነው።› ቡርሳሜ የሚለውን ‹ቆጮ በቅቤ› ብለው ይሻላል?

ልሂድ ወይስ ልተወው? ከሄድኩስ፣ ራሳችሁን አስተዋውቁ ሲሉ ምን እላለሁ? ደራሲ ነኝ ማለት ያሳፍረኛል።

ደብተሯን የደበቀች፣ ከይርጋለም»

ውድ እህቴ፤

ሂጂ። ይህን አስቀድሜ ልበልሽና ወደ ሌላው እንግባ።

አሥር ገጽ ጠየቁሽ፣ ላክሽ፣ አንብበው ነይ አሉሽ። በሩ ተከፍቷል። ደጅ ላይ ቆመሽ «እውነት እኔን ነው?» አትበይ። አንቺን ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመኝ አንድ ቦታ ነው፤ ሙሉ ደብተርሽን ለአንድ ትልቅ ደራሲ ለመስጠት ያሰብሽበት። ስለ ፍርሃቶችሽ እመለስበታለሁ፤ ለሁሉም መልስ አላቸው። ይሄኛው ግን ፍርሃት ሳይሆን ተስፋ ነው። እኔንም ያኔ የጎዳኝ ይኸው ተስፋ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ አዲስ አበባ አንድ የጸሐፍት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ልብ ወለድ በእጅ ጽሑፍ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። በምሳ ሰዓት በጣም የማከብራቸው አንድ ደራሲ ገና ምግባቸውን ሳይጨርሱ ጠረጴዛቸው ጋ ሄጄ ሰጠኋቸው። «እሺ ልጄ፣ አነበዋለሁ» አሉኝ። ፌስታሉን ከወንበራቸው ሥር ሲያስቀምጡት አየሁ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ስድስት ወር ስልክ ጠበቅኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በዚያ ቀን ብቻ ስንት እንዲህ ያለ ፌስታል እንደተሰጣቸው አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን አልገባኝም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ብዕር አላነሳሁም።

በዚያው ስብሰባ አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው ይጽፋሉ። ከቦርሳዬ የቀሩኝን አምስት ገጾች ወስደው፣ ማታ አንብበው፣ በማግስቱ በእርሳስ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። አንዱ አንቀጽ ጎን «እዚህ ጋ ቸኮልሽ» የሚል ጽፈውበታል። እውነታቸውን ነበር፤ ቸኩዬ ነበር። ከዓመት በኋላ እንደገና ወደ ወረቀት የመለሰኝም የሳቸው ስልክ ነው። «ምን ጻፍሽ?» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዳችን የሌላችንን ስናነብ ኖርን።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ጉባኤው ላይ ዓይንሽን መድረኩ ላይ ብቻ አትትከዪ። አጠገብሽ ማን እንደተቀመጠ እዪ። ተጋባዦቹ ደራስያን በሦስተኛው ቀን መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ። ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶ፣ ከዚሁ ከሐዋሳ የመጣው እንደ አንቺ ያለ ሰው ግን እዚሁ አካባቢ ይኖራል። በሚቀጥለው ዓመትም የምትጽፊውን የሚያነብልሽ እሱ ነው።

ይህ ማለት ከተጋባዦቹ ሽሺ ማለት አይደለም። ልትሰሚያቸው የምትጓጊላቸውን አንድ ወይም ሁለት ምረጪና ከመሄድሽ በፊት ቢያንስ አንድ መጽሐፋቸውን አንብቢ። ያነበበ ሰው ከአጠያየቁ ይታወቃል። «ድርሰት እንዴት ጀመሩ?» የሚለውን ጋዜጠኞች ይጠይቋቸዋል። አንቺ ስለ ሥራው ጠይቂ። «ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው ‹እኔ› በሚል ተራኪ ነው የጻፉት ወይስ በኋላ ነው የለወጡት?» «ከመጽሐፉ ቆርጠው ያወጡት ምዕራፍ አለ? ለምን አወጡት?» እንዲህ ስትጠይቂ ደራሲው ቀና ብሎ ያይሻል። አዳራሹም ይጠቀማል። ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግቢ። ማይክ የጨበጠ ሰው ሁሉ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ አሥር ደቂቃ እየወሰደ፣ እንግዳው ሳይናገር የሚያልቅ መድረክ ብዙ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝነኛል። ያን ያህል መንገድ የተመጣው እሳቸውን ለመስማት ነበር።

ልታናግሪያቸው ከፈለግሽ ምሳቸውን ሲበሉ አይሁን። በዕረፍት ሰዓት ቀርበሽ ሰላምታ ስጪ፣ ያነበብሽውንና የነካሽን ቦታ ንገሪያቸው፣ አመስግነሽ ተመለሺ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። «አንቺስ ትጽፊያለሽ?» ካሉሽ አዎ በይ። «ላኪልኝ» ካሉ አድራሻቸውን ተቀብለሽ አንድ ታሪክ ብቻ ላኪ። አጭሩን። አሥራ አንዱንም እንዳትልኪ። ደብተሩ ከቤት አይውጣ። እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ዎርክሾፑ። የጉባኤው ልብ እሱ ነው።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አሥር ያህል ሰዎች ወንበራቸውን ክብ አድርገው ይቀመጣሉ። የእያንዳንዱ ሰው ጽሑፍ ቀድሞ ይታደላል። ሁሉም አንብቦ ይመጣል። ከዚያ በየተራ በአንዱ ጽሑፍ ላይ ይነጋገራሉ። ብዙ ቦታ አንድ ደንብ አለ፤ ስለ ጽሑፉ ሲወራ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይሰማል። ይህ አሠራር የገነነው አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። እዚያ የጸሐፍት ዎርክሾፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው።

እኛ አገር ግን ከዚያ በፊትም ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ይውላል። ሲመሽ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ነች የምትጠበቅበት። የኔታ ይሰማሉ። ቤቱ የተሰበረበትን ያርማሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች ዙሪያውን ተቀምጠው የጓደኛቸው ስህተት ሲታረም እያዩ ይማራሉ። ብቻን መቁጠር፣ ሰው ፊት ማቅረብ፣ መታረም። አንቺ የመጀመሪያውን አምስት ዓመት ሠርተሽዋል። የቀረሽ ሁለቱ ነው።

ዝም ማለቱ መጀመሪያ ይከብዳል። «እንደሱ ለማለት ፈልጌ እኮ አይደለም» ማለት ይመጣብሻል። አትበይ። መጽሐፍሽን ነገ አንድ ሰው ዲላ ቁጭ ብሎ ቢያነበው አጠገቡ ቆመሽ አታስረጂውም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ከወረቀቱ ምን እንዳገኙ ስሚ። የሚሉትን እንዳሉት ጻፊ። ከመጀመርሽም በፊት «ገና አልጨረስኩትም፣ ይቅርታ» እያልሽ አትለማመጪ።

ተራሽ ሲያልቅ የመናገር ዕድል ከሰጡሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። የት ላይ ሰለቻችሁ? የት ላይ ግራ ገባችሁ? ከታሪኩ ማን ከናንተ ጋር ቀረ? «ታሪኬ ጥሩ ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይልሻል። ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ።

ደግሞ አስተያየት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ «እኔ ብሆን አያትየዋን አልገድላትም ነበር» ካለ የራሱን ታሪክ እየነገረሽ ነው። በአክብሮት ስሚው፣ ተዪው። ሦስት ሰዎች ግን አንዱ አንቀጽ ላይ ከተደናቀፉ፣ ምክንያታቸው ቢለያይም እንኳ፣ እዚያ አንቀጽ ላይ አንድ ነገር አለ። ገጹን አጥፈሽ አስቀምጪ። ያን ዕለት ማታ ግን ምንም እንዳትነኪ። የሰው ድምፅ ጆሮሽ ውስጥ እያለ ብትከልሺ ታሪኩ የነሱ ይሆናል። አሥር ቀን ያህል አሳድሪው። የራስሽ ድምፅ ሲመለስልሽ ትጀምሪያለሽ።

ከራስሽ ተራ ይልቅ የምትማሪው ከሌሎቹ ተራ ነው። ይህን ብዙዎች አያምኑኝም። የራስሽን ታሪክ ስትሰሚ ልብሽ ይመታል፣ ግማሹን አትሰሚም። የሌላ ሰው ታሪክ ላይ ግን ተረጋግተሽ ነው የምታስቢው። የሌሎቹን ጽሑፍ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቢ። መጀመሪያ እንደ አንባቢ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዘሽ። ይሉኝታችን እዚህ ላይ ያስቸግራል። ሰው እንዳናስቀይም ብለን «በጣም ያምራል» ብለን እናልፋለን። ሰውየው ግን ምስጋና ፍለጋ አይደለም የመጣው። ካነበብሽው ውስጥ በልብሽ የቀረውን ነገር በስሙ ጥሪ፦ «ልጁ ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ያለው ቦታ ከኔ አልወጣም።» ከዚያ ግራ የገባሽን ቦታ ንገሪው፦ «ገጽ አራት ላይ ማን እንደሚናገር ጠፋኝ።» በዚህ ማንም አይቀየምም። እንዲያውም በዕረፍት ሰዓት ፈልጎሽ ይመጣል።

ጽሑፍ የመምረጥ ዕድል ከሰጡሽ በጣም የምትኮሪበትን አትውሰጂ። ያላለቀልሽን ውሰጂ። ሦስት ጊዜ ጀምረሽ መጨረሻው እምቢ ያለሽ ታሪክ ይኖራል። ለዎርክሾፕ የሚሆነው እሱ ነው።

ስለ አማርኛሽ ያልሽው ደግሞ ልቤን ነካው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

«መሄድ የጀመረችው ያን ቀን ነው» ብለሻል። «መሞት» አላልሽም። አንባቢው ግን ያውቃል። እጅ መታጠቧን አይቶ ያውቃል። ይህን በስንት ዓመት የንባብ ልምድ የማይጽፉ አማርኛ አፍ የፈቱ ሰዎች አሉ። ቋንቋ ማወቅ ሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት መስመሮች ከየት መጡ?

ቡርሳሜን እንዳትለውጪው። እባክሽ። «ቆጮ በቅቤ» ስትዪ ምግቡ ከምን እንደተሠራ ነገርሽኝ። «ቡርሳሜ» ስትዪ ግን አያትሽ ቤት አስገባሽኝ። ቃሉን የማያውቅ አንባቢ ቢኖርስ? ቀረበ፣ አልተቀመሰም፣ እጅ ተታጠበ። ዓረፍተ ነገርሽ ራሱ የሚበላ ነገር መሆኑን፣ መቀመስ የነበረበት መሆኑን ነግሮታል። ትርጉም አያስፈልገውም። አማርኛ ከጣልያን ማኪያቶንና ፋብሪካን ተቀብሎ የራሱ አድርጓል። ከጎረቤቱ ከሲዳማ አንድ ቃል መቀበል አያቅተውም። ፊቼ ጫምባላላን እዪ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው በስሙ ነው ያሰፈረው። ዛሬ የአማርኛ አንባቢ ያንን ስም ያለ ትርጉም ያነበዋል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት አዲስ ቃል አትደርድሪ። አንባቢው ከአንዱ ጋር ሳይተዋወቅ ሌላው ከመጣበት ይደክመዋል። አንድ አዲስ ቃል ስታመጪ አጠገቡ የሚታይ ድርጊት አድርጊለት። አንቺ ይህን ሳታውቂው አድርገሽዋል። አሁን እያወቅሽ አድርጊው።

የአያትሽን አነጋገርም አትፍሪ። ሲዳሙ አፎም አማርኛም ግሡን የሚያስቀምጡት ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ አያትሽ ስትናገር ነገሩን እስከ መጨረሻው አንጠልጥላ የምትቆይበት ያ አያያዝ ወደ አማርኛ ሲገባ አይሰበርም። ጮክ ብለሽ በሲዳሙ አፎ በያት፤ ከዚያ በአማርኛ ጻፊያት። የቃል በቃል ትርጉም አይሁን፤ ትንፋሿ ግን ይኑር።

የሚያስፈራሽ ሰው ፊት ማንበቡ ከሆነ ለሱም ዘዴ አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ብለሽ ስትጽፊ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ይሁን ከወረቀቱ አይታወቅም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የምንለው ይሁን እንደዚያው። አማርኛ አፍ የፈቱትም መድረክ ላይ ሲወጡ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። አስተውለሽ ከሆነ ሲዳሙ አፎ በላቲን ሲጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ይደገማል። አማርኛ ያ ዕድል የለውም። ስለዚህ የምታነቢበትን ቅጂ ለብቻው አዘጋጂ። በትልቅ ፊደል ፕሪንት አድርጊው፣ የሚያሰጋሽ ቃል ሲመጣ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊ። ትንፋሽ የምትወስጂበትንም ቦታ በትንሽ ሰረዝ ምልክት አድርጊ። ቤት ውስጥ አምስት ጊዜ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ምላስሽ የተያዘበት ዓረፍተ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምላስሽ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ለሁለት ክፈዪው።

እና ቢስቁስ? ምናልባት አንድ ሰው ይስቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ለአፍታ ቆም በይ፣ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ካቆምሽበት ቀጥዪ። በጥፋተኝነት አንገትሽን አትድፊ። ሰባት ዓመት በዚህች ከተማ የንባብ ምሽቶች ላይ ተቀምጫለሁ። በአነጋገሩ የተሳቀበትን ሰው አላስታውስም። ታሪኩ የያዘውን ሰው ግን አስታውሳለሁ፤ አዳራሹ ጸጥ ይልለታል።

ስለ ስርቆቱ። ጓደኛሽ አስባልሽ ነው፤ ግን ከሚገባው በላይ አስፈርታሻለች። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት መብት የሚገኘው ሥራው ተጽፎ ሲቀመጥ ነው። ማኅተምም ምዝገባም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥበቃው በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ማለትም አሥራ አንዱ ታሪኮችሽ ደብተር ውስጥ ሆነውም ያንቺ ናቸው። ሕጉ የማይጠብቀው ሐሳብን ነው። «አያቷ ስትሞት የምታይ ልጅ» የሚል ሐሳብ የማንም አይደለም፤ ሺህ ሰው ሊጽፈው ይችላል። እጇን የታጠበችው አያት ግን ያንቺ ናት። እሷን ደግሞ ሌላ ሰው ሊጽፋት አይችልም፣ አያውቃትማ። ልብሽ እንዲያርፍ ከፈለግሽ የምትወስጂውን ታሪክ ከጉባኤው በፊት ለራስሽ በኢሜይል ላኪ። ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥልሻል።

እኔ ከስርቆት ይልቅ የምሰጋልሽ ሌላ ነገር አለ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ዳር «መጽሐፍሽን አሳትምልሻለሁ፣ ትንሽ ቀብድ ብቻ» የሚል ሰው ሊገጥምሽ ይችላል። ብር አትስጪ፣ ወረቀት አትፈርሚ። የሚያምር ካርድ ቢኖረውም እንኳ። «ውሉን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ቤት ወስጄ ላንብበው» በይ። ስንት ኮፒ፣ በስንት ብር፣ መቼ፣ ማን ያከፋፍላል፣ መብቱ የማን ነው፤ ይህ ሁሉ ያልተጻፈበት ነገር ውል አይባልም። ለማንኛውም አሁን የማሳተሚያሽ ጊዜ አይደለም።

ባለቤትሽ ክፉ የተናገረ አይመስለኝም። «ለወረቀት?» ያለው ወረቀቱ ላይ ያለውን ስለማያውቅ ነው። መጻፍሽን ያውቃል፤ ግን አንብበሽለት ታውቂያለሽ? ከመሄድሽ በፊት አንድ ማታ የአያትሽን ታሪክ አንብቢለት። ከዚያ በመጨረሻው ቀን ልጃችሁን ይዞ ሐዋሳ እንዲመጣ ጠይቂው። ልጁ ሐይቁን ያያል፣ አባትየውም እነዚያን ሰዎች ያያል።

ይርጋለም ቅርብ ስለሆነች ማታ ማታ እየተመለስሽ ለመምጣት ታስቢ ይሆናል። ከተቻለሽ አትመለሺ። ዘመድ ቤትም ቢሆን እዚሁ እደሪ። ጠዋት አዳራሽ ውስጥ አፉን ያልከፈተ ሰው ማታ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ሲራመድ ይናገራል። እኔ ራሴ ከሰው ጋር የተግባባሁት ብዙውን ጊዜ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። በሁለተኛው ቀን ደግሞ በማለዳ ተነሺና ከክቡ ሁለት ሦስት ሰው ይዘሽ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ እያያችሁ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጡ። ማስታወሻ ደብተርሽን አትርሺ። እዚያ የሚሰማው ንግግር፣ የዋጋ ክርክሩ፣ የቋንቋው ቅልቅል፣ ለምልልስ መጻፍ ከየትኛውም ትምህርት የማይተናነስ ነው። ማታ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል፤ ነጠላ ወይም ሹራብ ያዢ።

የጽሑፍሽንም ፎቶ ኮፒ አሥር ያህል ይርጋለም ሳለሽ አዘጋጂ። በጉባኤው ቀን መብራት ይጠፋል፣ ወይም ፕሪንተር ቤቱ ወረፋ ይሆናል።

ከመለያየታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፤ ጉባኤው ከሰጠሽ ሁሉ የሚቆይልሽ ይህ ነው። ከክቡ ውስጥ በቁም ነገር ያነበቡሽን ሁለት ሰዎች ምረጪ። ያመሰገኑሽን ሳይሆን በእርሳስ ያነበቡሽን። «በየአሥራ አምስት ቀኑ አምስት አምስት ገጽ እንለዋወጥ?» በያቸው። በቴሌግራም ይበቃል፤ ገጹን ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። በየወሩ አንዴ ደግሞ በአካል ተገናኙ፣ አንድ ጊዜ ሐዋሳ፣ አንድ ጊዜ እናንተ ጋ። ሦስት ሰው ከበቂ በላይ ነው። ስድስት ከሆናችሁ ቀጠሮ ይበዛል፣ ንባቡ ይቀራል። አብረን የጀመርን ብዙ ሰዎች መጻፍ ያቆሙት ችሎታ አጥተው አልነበረም። «ምን ጻፍሽ?» የሚላቸው ሰው አልነበራቸውም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ራሳችሁን አስተዋውቁ ሲሉ ምን እንደምትዪ ነበር። «ደራሲ ነኝ» ማለት ካሳፈረሽ አትበይው፤ ማንም አያስገድድሽም። «የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ጨርሻለሁ» በይ። ሦስቱም እውነት ነው። በር ላይ ባጅ ሲሰጡሽም ስምሽን በትልቁ ጻፊ። ከስሙ ሥር ሥራሽን ከምትጽፊ «ይርጋለም» ብለሽ ጻፊበት፤ የዚያ አካባቢ ሰው ካለ አይቶ እንዲመጣልሽ።